ንፋስ መውጫ ታምራለችን?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ደብረ ታቦርን ያልፋል፤ የጉናን ተራራ ጥግ ጥጉን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያም ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ከተማዋ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ጥቂት ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ እግሩን ያፍታታል፤ ጋቢውን አጥብቆ ይከናነባል፤ ትኩስ ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሮ፦ «እንሂድ እንጂ፥ እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ይላል።

ይህን ቃል ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችንም አፍ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። በክፋት የተናገረው የለም። ተናጋሪው የሚያስበው እንዲህ ነው፤ በአንድ በኩል የጎንደር ግንቦች፥ በሌላው በኩል የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ላሊበላ በ1978፥ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በመካከል ያለችው ከተማ ምሳ የሚበላባት ማረፊያ ናት፤ ውበት የሚፈለግባት ስፍራ አይደለችም። ከእኛ መካከል ጥቂቶቹ በዚያች ከተማ ያደግን፥ ሌሎቹም በመንገድ ብቻ ያየናት ነን። ለጓደኛችን መልስ ሳንሰጥ ብዙ ጊዜ ዝም ብለናል። ዛሬ ግን ጥያቄውን በዚህ መጽሔት ልናነሣው ወደድን። ግንብ የሌላት፥ ቤተ መንግሥት የሌላት፥ ተራ ሰው የሚኖርባት ሰፈር ውብ ልትባል ትችላለችን?

በዚህ ጉዳይ በተማሪው ዘንድ ሁለት ዓይነት አስተያየት እንዳለ ተመልክተናል። የመጀመሪያዎቹ ውበትን በሁለት ስፍራ ብቻ ያገኙታል፤ ወይም ነገሥታት ባሠሩት ጥንታዊ ሕንፃ፥ ወይም በመስተዋት በተለበጠ አዲስ ፎቅ። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ለእነርሱ ገና ያልፈረሰ ጭቃ ነው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ከተማ ገብተው ጥቂት ከሰነበቱ በኋላ የድሃው ነገር ሁሉ ያማራቸዋል። ጭስ የሞላበትን ጎጆ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ጄሪካን በጀርባዋ የተሸከመችውን ልጅ አይተው «እንዴት ደስ ይላል!» ይላሉ። ልጅቱን ግን ለአንድ ቀን እንኳ ሊያግዟት አያስቡም። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም።

በቅድሚያ የከተማችንን ጉድለት ሳንሸሽግ እንናገር። ንፋስ መውጫን ለሁለት የሚከፍላት ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ነው። ቻይናውያን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሩት ስለሆነ ሕዝቡ የቻይና መንገድ ይለዋል። ከዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ገባ ሲሉ አብዛኛው ቤት በባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ፥ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ነፋሱ ቆርቆሮውን እንዳያነሣው ድንጋይ የተጫነበትም አይታጣም። ክረምት ሲገባ መተላለፊያው ይላቁጣል፤ ቦዩ ሞልቶ ወደ ደጅ ይፈሳል፤ መጸዳጃ የሌለው ግቢ ሽታው ከሩቅ ያስታውቃል። ቦኖ ውሃ የጠፋ እንደሆነ ሴቶቻችን ጄሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ አያምርም። ያምራል የሚል ሰው ቢኖር በዚያ ያልኖረ መሆን አለበት።

ደግሞም «ይህ የአባቶቻችን ጥንታዊ ቅርስ ነው» ብለን ልንከራከር አንችልም። ባሕር ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። ቆርቆሮውም ከፋብሪካ የወጣ ነው። የብዙዎቹ ቤቶች ዕድሜ ከአያቶቻችን ዕድሜ አይበልጥም። እንግዲህ ለሰፈራችን ውበት ጠበቃ ልንቆም ከፈለግን፥ ጥንታዊነቱን ትተን ሌላ ምክንያት ማቅረብ ይገባናል።

ምክንያቱን ከቋንቋችን እንጀምር። በግዕዝ «ሠናይ» የሚለው ቃል መልካሙንም ውቡንም በአንድነት የያዘ ነው። በአማርኛችንም ማማር የመልክ ብቻ አይደለም። ሰው በተሰበሰበበት፥ ምግቡ ለሁሉ በተዳረሰበት፥ ጠብ ባልተነሣበት ሠርግ የዋለ ሰው፦ «ሠርጉ አምሮ ዋለ» ይላል። አንድ ጉዳይ ያሠጋው ሰው ደግሞ፦ «ነገሩ አላማረኝም» ይላል። ሁለቱም ስለ ቀለምና ስለ ቅርጽ የሚናገሩ አይደሉም፤ ስለ ሰዎች አኗኗርና አያያዝ ነው። «ሰፈር» የሚለውንም ቃል እንመልከት። ሰፈረ ማለት መንገደኛ ወይም ጦር ጓዙን አውርዶ ዐረፈ ማለት ነው። አያሌ የአዲስ አበባ ሰፈሮችም በመጀመሪያ የመኳንንቱና የሠራዊታቸው ማረፊያ ነበሩ። እንግዲህ ሰፈር በአመጣጡ ድንኳን ነው። የሚያምረውም ድንኳኑ ወደ ቤትነት ሲለወጥ፥ አጠገቡ የሰፈረውም ባዕድ ጎረቤት ሲሆን ነው።

በዚህ ዓይን ንፋስ መውጫን መልሰን ብናያት ሌላ ነገር እናገኛለን። ክረምቱ ሲያበቃ፥ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ፥ እናቶቻችን ጭቃና ጭድ አቡክተው በዝናብ የታጠበውን ግድግዳ ይመርጋሉ፤ ወለሉን በእበት ይለቀልቃሉ። እርግጥ ምርጊቱ ዝናብና ነፋስ ይከላከላል። ነገር ግን የውጭውን ግድግዳ በእጅ መዳፍ እስኪለሰልስ ድረስ ማሸት፥ በሩንም ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መቀባት ነፋስ አይከላከልም። ባለቤቲቱ ቤት ውስጥ ሆና የውጭውን ግድግዳ አታየውም፤ የሚያየው አላፊ አግዳሚው ነው። እንግዲህ ያ ልስላሴ ለማታውቀው መንገደኛ የሰጠችው ነገር ነው። ሻዩን ጠጥቶ «ምን የሚታይ አለ?» ያለው ጓደኛችን ስጦታው ፊቱ ላይ ተቀምጦለት ነበር።

ከግድግዳው ሥር፥ ነፋሱ በማያገኘው በኩል፥ የጭቃ መደብ አለ። ጧት ፀሐይ ሲወጣ ሽማግሌው በዚያ ተቀምጠው ይሞቃሉ፤ የማን ልጅ ወዴት እንደሄደም ያውቃሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ረጅም እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ይታያል፤ ጠላ መኖሩን ማንበብ ለማይችለውም ይነግራል። ከዚያ ቀጥሎ ድንች በመደብ በመደብ ከፍላ የምትሸጥ ጉልተኛ አለች፤ ገንዘብ ላጠረው ጎረቤት «ነገ ታመጣለህ» ብላ ትሰጣለች። አጥሩ አጭር ነው፤ እሳት የጠፋባት ሴት በዚያ ላይ ተጣርታ ፍም ትጭራለች። በሩ ወደ መተላለፊያው ይከፈታል፤ መተላለፊያውም ሁለት ሰዎች ከደጅ ለደጅ ሳይጮኹ ሊነጋገሩበት የሚችሉ ያህል ጠባብ ነው። እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩ ነገሮች ናቸው። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሊለኳቸውና ሊስሏቸው ይችላሉ። ስለዚህ የሰፈር ውበት በልብ ብቻ የሚታወቅ ረቂቅ ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። የአጥሩ ቁመት፥ የበሩ አቅጣጫ፥ የመደቡ ስፍራ ሰዎቹ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የሚያሳዩ ቅርጾች ናቸው።

ለዚህ ሁሉ አንድ ሚዛን ስጡን የምትሉን እንደሆነ ቡሄን እንሰጣችኋለን። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ልጆች በትራቸውን ይዘው፥ ጅራፋቸውን እያጮኹ፥ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። በነጋዴው ደጅ ይቆማሉ፤ በመምህሩ ደጅ ይቆማሉ፤ ጠላ በምትሸጠዋ መበለት ደጅም ይቆማሉ። ከየቤቱ ሙልሙል ይወጣላቸዋል። ልጅ ሊቆምበት የማይደፍረው ደጅ በሌለበት፥ የቆመበትም ደጅ በሚከፈትለት ስፍራ፥ ሰፈር አምሯል እንላለን። ግንቡ የቱንም ያህል ቢረዝም፥ መስተዋቱ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ፥ ልጅ ደጁን ሊያንኳኳ የማይችል ከሆነ ያ ሕንፃ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ሰፈሩ ግን አላማረም።

ይህ የእኛ የትውልድ ስፍራ ፍቅር የወለደው ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሌሎች ምስክሮች እንጥራ። በ2006 እ.ኤ.አ. የሐረር ጀጎል በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመስጊዶቹና ከግንቡ ጋር ሰዎች የሚኖሩባቸው ቤቶችና የቤቶቹ የውስጥ አሠራር አብረው ተቆጥረዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የኮንሶ መልክዐ ምድር ሲመዘገብም የድንጋይ እርከኖቹንና በካብ የታጠሩትን መንደሮች የሠራቸው ገበሬው ነው፤ ንጉሥ አላሠራቸውም። በላሊበላም ቢሆን ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ክብ ሆነው በቀይ ድንጋይ የታነጹ ባለ አንድ ደርብ ቤቶች አሉ፤ እነርሱም ተራ የላስታ ሰው የኖረባቸው ናቸው። እንግዲህ የተራ ሰው ቤት ውብ ሊባል እንደሚችል ዓለም ተቀብሎታል። የቀረው ጥያቄ ይህ ክብር ድንጋይ ላላቸው ብቻ ነው ወይስ ለጭቃና ለቆርቆሮም ይደርሳል የሚለው ነው። እኛ ይደርሳል እንላለን።

እዚህ ላይ በዝምታ ልናልፈው የማይገባን ነገር አለ። ጋይንት በታሪክ መጽሐፍ የሚነሣው በጦርነት ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ የወደቁበት የአንቺም ጦርነት የተደረገው በዚሁ አገር ነው። በእኛም ዘመን ንፋስ መውጫ በዓለም ወሬ የተጠራችው በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ለዘጠኝ ቀናት በያዟት ጊዜ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ 16 የከተማይቱ ሴቶች የደረሰባቸውን ግፍ ተናግረዋል። በራሳቸው ቤት፥ በራሳቸው ደጅ የተደፈሩ ነበሩ። ከእነዚያ ዘጠኝ ቀናት አንዱ ነሐሴ 13፥ ቡሄ ነበር። ልጅ ያለ ፍርሃት ከደጅ ወደ ደጅ ሊዞር በሚገባው ቀን የከተማይቱ ደጆች በታጣቂ እጅ ነበሩ።

ይህን የምናነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ክልላችን እንደገና ወደ ጦርነት መግባቱን እያወቅን ቂም የምንዘራ ከሆነ እኛም ከአጥፊዎቹ አንለይም። የምናነሣው የሰፈር ውበት ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። በዚያን ጊዜ ግድግዳው በቦታው የቆመላቸው ቤቶች ነበሩ፤ ቆርቆሮውም በቦታው ነበረ። የጠፋው ደጅን ያለ ሥጋት መክፈት ነው። ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት ግድግዳዋን እንደገና መርጋ በሯን ወደ መተላለፊያው የከፈተች እንደሆነ፥ ያን በር ተራ ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ዓይኑን ሊጠረጥር ይገባዋል።

አሁን «ይህ ሁሉ ክርክር ስለ አንድ ቃል ምን ያደርጋል? ውበት ሆድ አይሞላም» የሚሉን ይኖራሉ። ነገሩ ግን የቃል ብቻ አይደለም። አንድን ሰፈር አስቀያሚ ነው ማለት ግማሽ ፍርድ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚፈጽመው የማፍረሻው መኪና ነው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ፥ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም በካዛንችስ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። በሐቅ እንናገርና፥ ከዚያ ሥራ የተገኘ መልካም ነገር አለ። እግረኛ የሚሄድበት ሰፊ መንገድ፥ የመንገድ መብራት፥ መጸዳጃና አረንጓዴ ስፍራ ተሠርቷል። ምሽት ላይ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር አይተን ደስ ብሎናል። ከተዛወሩትም መካከል ውሃና መጸዳጃ ያለው ቤት በማግኘታቸው የተደሰቱ አይጠፉም።

ይሁን እንጂ በሒሳቡ ያልገባ ነገር አለ። ሰፈሩ ሲፈርስ እድሩ ይበተናል። እድር ማለት ሬሳ የሚያነሣ፥ ድንኳን የሚተክል፥ ሐዘንተኛን የሚያስተዛዝን ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውም ለዚህ ነው። በዱቤ የምትሸጠው ጉልተኛ ደንበኞቿን ታጣለች፤ ደንበኞቿም እርሷን። እነዚህ ነገሮች ካርታ ላይ ስላልተሣሉ ካሣ አልታሰበላቸውም። ስለምን አልተሣሉም ብንል፥ ሰፈሩ ከመጀመሪያው «እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ተብሎ ስለ ታለፈ ነው።

ይህ ስሕተት በእኛ አገር ብቻ የተደረገ አይደለም። በአሜሪካ የቦስተን ከተማ ዌስት ኤንድ የሚባል ብዙ ጣሊያናውያን ስደተኞች የሚኖሩበት ሰፈር ነበረ። ባለሥልጣኖቹ የቆሸሸና ያረጀ ነው ብለው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አፈረሱት። ሄርበርት ጋንስ የሚባል የኅብረተሰብ ሊቅ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት በዚያ ገብቶ ኖሮ ያየውን በ1962 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። ከውጭ ሲታይ አሮጌ የነበረው ሰፈር ከውስጡ በዘመድና በጎረቤት የተሳሰረ መንደር መሆኑን አስረዳ። መጽሐፉ ሲወጣ ግን ሰፈሩ ፈርሶ ነበር። እኛ ከዚህ የምንማረው፥ ጥናቱ ከማፍረሱ መቅደም እንዳለበት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ትላላችሁ? ንፋስ መውጫ እንዳለች ትቀመጥ አንልም። ቦዩ በድንጋይ ይገንባ፤ መተላለፊያው ድንጋይ ይንጠፍበት፤ ቦኖው ሁልጊዜ ውሃ ይኑረው፤ መጸዳጃ የሌለው ግቢ አይኑር። ማታ ሴት ልጅ ያለ ሥጋት የምትሄድበት መብራት ይተከል። ጭቃው በብሎኬት ቢተካም አንቃወምም፤ ሰው የተሻለ ቤት መመኘቱ ተገቢ ነው። የምንጠይቀው አዲሱ ነገር በቀድሞው ላይ እንዲጨመር፥ የቀድሞውን እንዳያጠፋ ነው። በሩ ወደ መተላለፊያው መከፈቱ ይቅር አይባል። ለመደቡ ስፍራ ይተውለት። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ከመሐንዲሱ ይልቅ ሽማግሌው ያውቃሉና ይጠየቁ። ጉልተኛዋ ከመንገድ ዳር ከመነሣቷ በፊት የምትቀመጥበት ይታሰብላት።

ይህን ሁሉ ለባለሥልጣን ብቻ መናገር ቀላል ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየማዘጋጃ ቤቱ ተቀምጠን ካርታ የምንዘረጋው፥ በቀይ እርሳስ የምናሰምረው እኛው ነን። የምሕንድስናው ተማሪ፥ የሕጉ ተማሪ፥ የምጣኔ ሀብቱ ተማሪ ዛሬ በዚህ ግቢ አብረን እንጀራ የምንበላ ነን። ካርታው ላይ ቀይ መስመር የሚያርፍበት ቤት የማን እናት የመረገችው እንደሆነ ያን ጊዜ ማንም አይነግረንም። ከዛሬው ማየት ያልለመደ ዓይን ያን ጊዜ ሊያይ አይችልም።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን አንድ የምናሳስበው ነገር አለ። ለክረምቱ ዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፥ ደሴም ይሁን አምቦ፥ አዲግራትም ይሁን ሆሳዕና፥ ያደጋችሁበትን ሰፈር አንድ ቀን እንደ እንግዳ ሆናችሁ በእግራችሁ ዙሩት። የማያምረውን ጻፉ፤ ሳትሸሽጉ ጻፉ። የሚያምረውንም ጻፉ። በየትኛው መደብ ማን እንደሚቀመጥ፥ በየትኛው አጥር ላይ ፍም እንደሚሻገር፥ ቦዩ የት ላይ እንደሚሞላ፥ ልጆች በየትኛው ደጅ ለመቆም እንደሚደፍሩ፥ በየትኛውስ እንደማይደፍሩ ልብ በሉ። ስትመለሱ ለዚህ መጽሔት አምጡልን፤ እናትመዋለን። የምሕንድስና ጓደኞቻችሁም ያንብቡት።

የእኛን በዚህ ጀምረናል። ጓደኛችን በሚቀጥለው ጊዜ በንፋስ መውጫ ሲያልፍ አውቶቡሱ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሻዩን ይዞ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሃምሳ እርምጃ ይግባና ግድግዳውን በእጁ ይዳስሰው። ከዚያ በኋላም አታምርም የሚለን ከሆነ፥ ምክንያቱን ጽፎ ይላክልን። እንከራከራለን።